ለታርዛን የጮኹት የጎንደር ልጆች

ቦታው ጎንደር ነው፤ ጊዜው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር 1950ዎቹ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) ሲኒማ ቤቱ በልጆች ጢም ብሏል። ሸራው ላይ ታርዛን አለ፤ ከኋላው ደግሞ ጥቁር ሰዎች አድፍጠው ይጠጉታል። ይኼኔ ልጆቹ ድምፃቸው እስኪዘጋ ይጮኻሉ፤ ታርዛን ዞር እንዲል፣ እንዲያመልጥ። ፊልሙ አልቆ ሲወጡም ከተማዋን የከበቧት ተራሮች ላይ ካውቦይና ኢንዲያን ይጫወታሉ። ኢንዲያኖቹ እንዲያሸንፉ የሚፈልግ ልጅ ግን አልነበረም።

ይህን የነገረን ከጯሂዎቹ አንዱ ነው፤ በ1946 ጎንደር የተወለደው፣ በኋላ በዓለም ታዋቂ የፊልም ዳይሬክተር የሆነው ኃይሌ ገሪማ። ዛሬ አንጋፋ ፕሮፌሰር ነውና «አንቱ» ማለት ይገባን ነበር። እዚህ የምናወራው ግን ስለ ልጅነቱና ስለ ተማሪነቱ ነው፤ ደግሞስ የጥበብ ሰው አንቱ አይባልም ይባል የለ?

አሁን ነገሩን ልብ በሉት። እነዚያን ልጆች «ነጩን ደግፉ» ያላቸው ሰው የለም። ያላቸው ካሜራው ነው። ካሜራው ታርዛን ጎን ቆሟል፤ ታርዛን የሚያየውን ያሳየናል፤ ፊቱን ቀረብ አድርጎ ያሳየናል፤ እሱ ሲደነግጥ እኛም እንደነግጣለን። ከኋላ የሚመጡት ሰዎች ግን ስም የላቸውም፣ ንግግራቸው ጫጫታ ነው፣ ፊታቸውንም በቅጡ አናየውም። አፍሪካዊ ልጅ አፍሪካዊውን እንዲፈራ የተደረገው በዚህ ብልሃት ነው።

ፊልም የሚማር ተማሪ ሁሉ ከመምህሩ አንድ ትእዛዝ ይሰማል፤ ካሜራ ከማንሣትህ በፊት ከአንተ በፊት የተሠራውን አጥና። አጭር ፊልም ይሁን የሙዚቃ ክሊፕ ለውጥ የለውም። ብዙዎቻችን ይህን እንደ ወረቀት ማሟያ እናየዋለን። ሦስት ክሊፕ ከዩቲዩብ እንለቅማለን፣ «ሪፈረንስ» ብለን እንለጥፋለን፣ አለቀ። የኃይሌ የተማሪነት ታሪክ ግን ትእዛዙ ሌላ ትርጉም እንዳለው ያሳያል። የቀደመውን ሥራ ማጥናት ሐሳብ መልቀም ብቻ አይደለም። የገዛ ዐይናችንን ማን እንደገራው የምንደርስበትም በዚሁ ነው።

ኃይሌን አሜሪካ ከማድረሳችን በፊት ግን ወደ ጣና ዳር ልውሰዳችሁ። ሌላው የሠራውን አይቶ የራስን መሥራት እዚያ አገር አራት መቶ ዓመት ገደማ ያስቆጠረ ሙያ ነውና።

ከእንፍራንዝ ኮረብታ

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ስትጓዙ ከአዲስ ዘመን በኋላ እንፍራንዝ ትደርሳላችሁ። ከከተማዋ አጠገብ ኮረብታ ላይ የጉዛራ ግንብ ቆሟል። ግንቡን በልማድ ከ1563 እስከ 1597 ለነገሡት ለአፄ ሠርፀ ድንግል እንሰጠዋለን። ምሁራን በዘመኑ ላይ ይከራከራሉ፤ ልማዱ ልክ ከሆነ ግን ጉዛራ አፄ ፋሲል ጎንደርን ከመቆርቆራቸው በፊት የተሠራ፣ ለፋሲል ግንብም ታላቅ ወንድም ነው ማለት ነው። ክብ ማማውንና የድንጋይ ግድግዳውን አይቶ ወደ ጎንደር የሚዘልቅ ሰው ዝምድናው አይጠፋውም።

ለእኛ ጉዳይ የበለጠ የሚቀርበው ግን የሠዓሊዎቹ ታሪክ ነው። በ1590 እና በ1591 ሮም ውስጥ የሜዲቺ ማተሚያ ቤት ወንጌልን በዐረብኛ አተመ። መጽሐፉ አንቶኒዮ ቴምፔስታ የተባለ ሠዓሊ በነደፋቸው፣ እንጨት ላይ ተቀርጸው በታተሙ ሥዕሎች የተሞላ ነበር። መጽሐፉ ኢትዮጵያም ደረሰ፤ በ17ኛው መቶ ዘመን የነበሩ የብራና ሠዓሊዎች እንደ አብነት ተጠቀሙበት። በጊዜው አዲስ ሚዲያ ማለት እንግዲህ ይህ ነው፤ የታተመ ሥዕል።

ሠዓሊዎቹ ታዲያ ምን አደረጉ? ዐይናቸውን ጨፍነው አልቀዱም፤ «የባዕድ ነው» ብለውም አልጣሉትም። አቀማመጡን ወሰዱ፤ ማን መሐል እንደሚቆም፣ ማን እንደሚንበረከክ፣ እጅ ወዴት እንደሚዘረጋ። ጥቁርና ነጭ የነበረውን ግን በቀይና በቢጫ፣ በአረንጓዴ ሞሉት። ቴምፔስታ የደከመበትን ጥላና ርቀት ተዉት። ዐይኖቹን አሰፏቸው።

ዐይን ካልን አይቀር፣ በአገራችን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል አንድ ደንብ አለ። ጻድቅ ሰው ፊቱን ወደ እኛ መልሶ በሁለት ዐይኑ ይታያል። ክፉው ግን በጎን ይሣላል፤ አንድ ዐይኑ ብቻ ነው የሚታየው። ማንን መውደድ፣ ማንን መፍራት እንዳለበት ማንበብ የማይችል ሰው ሳይቀር ግድግዳውን አይቶ ያውቃል። ታርዛንን አሁን በዚህ ደንብ እዩት፤ ሁለት ዐይን የተሰጠው እሱ ብቻ ነው። ከኋላው የሚመጡት ሁሉ አንድ ዐይና ተደርገው ተሥለዋል። የሆሊዉድ ሰዎች የጣናን ገዳማት አላዩም፤ ዘዴው ግን አንድ ነው።

ፊልም ሳይኖር ፊልም መማር

ስለ ዘዴው ካነሣን፣ ፊትን ከፊት ቀጥሎ ማሳየት ምን ያህል ጉልበት እንዳለው በሙከራ ያሳየን ትምህርት ቤት ሞስኮ ነበር። በ1919 በተከፈተው የፊልም ትምህርት ቤት ሌቭ ኩሌሾቭ የተባለ ወጣት መምህር ተማሪዎች ሰበሰበ። ችግሩ፣ አገሪቱ በእርስ በርስ ጦርነት ላይ ነበረች፤ ጥሬ ፊልም የለም። ካሜራ አለ፣ የሚጎርሰው የለም። ስለዚህ ተማሪዎቹ የተሠሩ ፊልሞችን ፈትተው መማር ጀመሩ። የአሜሪካዊውን የግሪፊዝን «ኢንቶለራንስ» (1916) ደጋግመው አዩት፤ የቱ ምስል ከየቱ ቀጥሎ እንደመጣ፣ ስንት ጊዜ እንደቆየ መረመሩ። ከዚያ ቡድን የወጣው ፑዶቭኪን በኋላ ከሶቪየት ታላላቅ ዳይሬክተሮች አንዱ ሆነ።

ኩሌሾቭ ያደረገውን ሙከራ ምናልባት ሰምታችሁት ይሆናል። ከቆየ ፊልም ላይ የአንድ ተዋናይ ፊት ወሰደ፤ ተዋናዩ ሞዡኪን ይባላል። ከዚያ ያንኑ ፊት አንዴ ከሾርባ ሳህን፣ አንዴ ከሬሳ ሣጥን፣ አንዴ ከሴት ጋር ቀጠለው። ሲተረክ እንደኖረው፣ ተመልካቹ ተዋናዩ በአንዱ ረሃብን፣ በሌላው ኀዘንን፣ በሦስተኛው ፍላጎትን ሲያሳይ አየሁ አለ። ፊቱ ግን ያው አንድ ፊት ነው፤ ቅንጣት አልተለወጠም። የሙከራው ቅጂ ራሱ ጠፍቷል፤ ትረካዎቹም በዝርዝሩ ይለያያሉ። ዋናው ነገር ግን ማንም ኤዲተር በየቀኑ ጠረጴዛው ላይ የሚያየው ነው። ትርጉሙ ያለው ምስሉ ውስጥ ብቻ አይደለም፤ ከምን ቀጥሎ እንደመጣም ነው። ይህን ደግሞ እነዚያ ተማሪዎች ያወቁት ሌላው የሠራውን በመፍታት ነው፤ ሌላ ምርጫም አልነበራቸውም።

የሎስ አንጀለሱ ተማሪ

ወደ ኃይሌ እንመለስ። አባቱ ገሪማ ታፈረ ተውኔት ጸሐፊ ነበሩ፤ ስለ ጎንደር አርበኞች የሚተርከው «ጎንደሬ በጋሻው» የሳቸው መጽሐፍ ነው። ልጁ እንግዲህ ሁለት ትምህርት ቤት ነበረው፤ ቤት ውስጥ የአባቱ ቴአትርና የሽማግሌዎች ተረት፣ ውጭ ደግሞ ታርዛን። በ1960ዎቹ መጨረሻ ቴአትር ሊማር ቺካጎ ሄደ። ከዚያም በ1970 ወደ ሎስ አንጀለስ፣ ወደ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ (ዩሲኤልኤ) ተሻግሮ ፊልም ያዘ።

በጊዜው ኢሊሲዮ ቴይለር የተባሉ ጥቁር አሜሪካዊ መምህር የሚመሩት ፕሮግራም ለጥቁሮች፣ ለእስያውያን፣ ለሜክሲኮ ተወላጆችና ለቀይ ሕንዶች ልጆች በር ከፍቶ ነበር። እነ ቻርልስ በርኔት እዚያ ነበሩ። በኋላ የፊልም ምሁሩ ክላይድ ቴይለር ስብስቡን «የሎስ አንጀለስ ዐመፅ» ብሎ ሰየመው። ዐመፁ ግን በድንጋይ አልነበረም፤ ፊልም በማየት ነበር። የብራዚልን «ሲኒማ ኖቮ» አዩ፤ የኩባን ፊልሞች፣ የሴኔጋሉን የኡስማን ሴምቤንን ሥራዎች አዩ፤ ከጦርነት በኋላ ጣሊያኖች መንገድ ላይ ካገኙት ሰው ጋር የሠሯቸውን ፊልሞችም አዩ። እያዩ ይከራከራሉ። ከሆሊዉድ ደጃፍ ተቀምጠው ሆሊዉድን እንደ ሌላ አገር ፊልም ይመረምሩ ነበር።

በዚያው ዩኒቨርሲቲ ሌላ ኢትዮጵያዊም ነበሩ። ተሾመ ገብርኤል በ1970ዎቹ እዚያ ማስተማር ጀመሩ፤ በ1982 ደግሞ በድህነትና በቅኝ ግዛት ስላለፉ አገሮች ሲኒማ የጻፉት መጽሐፍ ወጣ። «ሦስተኛ ሲኒማ» የሚለውን ሐሳብ በዓለም የፊልም ትምህርት ውስጥ ካሰረጹት ሰዎች አንዱ ናቸው። ከነገሮቻቸው አንዱን በቀላሉ ላስቀምጠው። ሆሊዉድ የሚወደው የአንድ ሰው ፊት ቀርቦ መታየቱን ነው፤ ቶሎ ቶሎም ይቆርጣል። የቃል ባህል ባለበት አገር የተሠራ ፊልም ግን ብዙ ጊዜ ሰውን ከነአገሩ፣ ከነጎረቤቱ በሰፊው ያሳያል፤ አይቸኩልም። ሁሌ እንዲህ ነው ብዬ አልምልም። ቢሆንም ተማሪ ለአንድ ሾት ርዝመት ምክንያት እንዲፈልግ ያስገድደዋል።

የኃይሌ የተማሪነት ፊልሞች ከምን እንደተነሡ ማየት ደስ ይላል። የመጀመሪያው፣ «አወር ግላስ»፣ ለተመልካች መዝናኛ ኳስ የሚጫወት፣ መጻሕፍት ሲያነብ ግን ራሱን መጠየቅ የሚጀምር የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ወጣት ታሪክ ነው። ሁለተኛው፣ የ1972ቱ «ቻይልድ ኦፍ ሬዚስታንስ»፣ ከቴሌቪዥን ተወለደ። አንጄላ ዴቪስ እጇ በካቴና ታስሮ በዜና ታየች። ኃይሌ ያንን ምስል ካየ በኋላ ሕልም አየ፤ ሕልሙን ፊልም አደረገው። ዜናው ሴትዮዋን ከውጭ፣ ከፖሊሱ ጎን ቆሞ ነው ያሳያት። የተማሪው ፊልም ካሜራውን ከታሰረችው ሴት ጭንቅላት ውስጥ አስገባው። ያንኑ ምስል ይዞ የቆመበትን ቦታ ብቻ ቀየረ። ከጎንደሩ ሲኒማ ቤት አንጻር ካያችሁት ይህ ትንሽ ለውጥ አይደለም።

የመመረቂያ ሥራው «ቡሽ ማማ» (1975) ዶሮቲ የምትባል፣ በሎስ አንጀለሱ ዋትስ ሰፈር የምትኖር ድሃ እናት ታሪክ ነው። ግድግዳዋ ላይ ፖስተር አለ፤ ሕፃን የታቀፈች፣ መሣሪያ የያዘች አፍሪካዊት። ዶሮቲ ያንን ሥዕል ደጋግማ ታየዋለች፤ ፊልሙ እየሄደ ሲሄድ እኛም በእሷ ዐይን እናየዋለን። የፊልሙ መክፈቻ ደግሞ ማንም ያልጻፈው ነው። የሎስ አንጀለስ ፖሊስ ቀራጮቹን መንገድ ላይ አስቁሞ ሲፈትሻቸው የተቀረጸው እውነተኛ ምስል ፊልሙ ውስጥ ገባ። ጥቁር ልጆች ካሜራ ይዘው ሲታዩ ምን እንደሚጠረጠሩ ከዚህ የተሻለ ማሳያ አይገኝም።

ሁለት ሳምንት

በ1974 ኃይሌ አገሩ ገባ፤ ገና ተማሪ ነው። ንጉሡ ከዙፋናቸው የሚወርዱበት ዓመት ነው፤ አሮጌው ሥርዐት ወድቆ አዲሱ ገና አልጸናም። በእጁ ያለው ባለ 16 ሚሊ ሜትር ጥቁርና ነጭ ፊልም ነው። ሙያተኛ ያልሆኑ ሰዎችን ይዞ በሁለት ሳምንት ገደማ ቀረጸ። የወጣው «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ሁለት ሰዓት ተኩል ይፈጃል፤ በ1976 ካን ላይ በተቺዎች ሳምንት ታየ።

ታሪኩ የአንድ ጭሰኛ ቤተሰብ ነው። የመሬቱ ባለቤት ከፍ ያለ ቦታ ላይ ወንበሩን አስቀምጦ ወደ ታች ይጣራል፣ ይሳደባል። ልጅቷ የጌታውን ከብት ከደራሽ ውኃ ለማትረፍ ስትል ትሞታለች። ለአገሩ ተዋግቶ መሬቱን የተነጠቀው ከበበ በሰው ዘንድ እብድ ነው፤ እውነቱን የሚናገረው ግን እሱ ነው።

ወጣት ተመልካች መጀመሪያ ሲያየው ሊሰለቸው ይችላል። እኔም መጀመሪያ ያየሁት ቀን ተሰላችቼ ነበር፤ አልደብቃችሁም። በሬዎቹ ያርሳሉ፣ ያርሳሉ፣ አሁንም ያርሳሉ። በኋላ ነው የገባኝ። እርሻውን በሦስት ሰከንድ ቆርጦ ቢያሳልፈው ኖሮ የምናየው «ገበሬ» የሚል ምልክት ብቻ ነው፤ እንደ ማስታወቂያ። ሲያቆየው ግን ድካሙ ወደ እኛ ወገብ ይመጣል። ጭሰኛው ሁለት ዐይን ተሰጠው፤ ወንበር ላይ የተቀመጠው ሰውዬ ነው አሁን አንድ ዐይና የሆነው። ታርዛንን ፈትቶ ያላየ ሰው ይህንን አገላብጦ መሥራት የሚችል አይመስለኝም።

የተሠራ ፊልም በሌለበትስ? አብዛኛው የጥንቱ የኢትዮጵያ ተንቀሳቃሽ ምስል በወራሪ ካሜራ የተቀረጸ ነው፤ የፋሺስቱ መንግሥት የፊልም ተቋም፣ ሉቼ፣ የ1935ቱን ወረራ ሲቀርጽ የቆመው ከታንኩ ጎን ነበር። ኃይሌ በ1999 ስለ ዓድዋ ዘጋቢ ፊልም ሲሠራ ወደ ሥዕሉ፣ ወደ ዘፈኑና ወደ ሽማግሌዎቹ ቃል ሄደ። ሚዲያ ማለት እነሱም ናቸውና።

ጉዛራ ላይ ክሊፕ

አሁን አንድ የእንፍራንዝ ልጅ አስቡ። ጓደኛው ዘፈን አውጥቷል፤ ክሊፕ ሊሠራለት ነው። ቦታው ታውቋል፤ ጉዛራ። ስልክ አለው፤ የሰው ድሮን ተከራይቷል። ጥናት ተብሏልና ሃያ ክሊፕ አየ። ምን አገኘ? ግንብ ከላይ በድሮን፤ ጣና ላይ ታንኳ፤ ጀንበር ስትጠልቅ፤ ግንቡ ፊት እስክስታ የሚወርድ ቡድን፤ ዘፋኙ በሩ ላይ ቆሞ። እሱም ያንኑ ደገመ። ይህ እንግዲህ መልቀም ነው።

ይኸው ልጅ ሃያውን ክሊፕ እንደ ኩሌሾቭ ተማሪዎች ቢፈታውስ? ድምፁን ዘግቶ ይየው። በአንድ ደቂቃ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደተቆረጠ ይቁጠር። ፊቱ ቀርቦ የታየው ማን ነው፣ ጀርባ ሆኖ ያለፈውስ? ካሜራው የቆመው ማን የሚቆምበት ቦታ ላይ ነው? ይህን ሲጽፍ አንድ ነገር ይገጥመዋል። ጉዛራ ኮረብታ ላይ የተሠራው እኮ ከላይ ሆኖ አገሩን ለማየት ነው፤ ቦታው የንጉሥ ዐይን ነው። ድሮኑ ከዚያም ከፍ ብሎ ወደ ታች ሲያይ የሚያየው እንደ ገዥ ነው፤ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ላይ ወንበሩን ኮረብታ ላይ እንዳስቀመጠው ሰውዬ። ድሮን ጠላቴ አይደለም። ዘፈኑ ስለ ገዥ ከሆነ ይሁንለት። ስለ እረኛ ከሆነ ግን ካሜራው ከታች፣ ከከብቶቹ መሐል ሆኖ ግንቡን ወደ ላይ ቢያየው ዘፈኑና ምስሉ ይስማማሉ።

ሌላም ሳያስበው ያለፈ ሚዲያ አለው፤ አዝማሪ። ጎንደርና አካባቢው የአዝማሪ አገር ነው። አዝማሪ ቤት ውስጥ ዘፋኙ መድረክ ላይ ርቆ አይቆምም፤ ማሲንቆውን ይዞ አጠገብህ ይመጣል። አድማጩ ግጥም ይሰጠዋል፣ እሱ ተቀብሎ ያዜመዋል። ማን ዘፋኝ፣ ማን ተመልካች እንደሆነ ይደበላለቃል። ይህን ሥርዐት ያጠና ልጅ ዘፋኙን በር ላይ ከማቆም ይልቅ ካሜራውን ግጥም ሰጪው መቀመጫ ላይ ሊያስቀምጠው ይችላል። ከሃያው ክሊፕ ውስጥ ያንን መቀመጫ አላገኘውም፤ ሠፈሩ ውስጥ ግን ነበር።

ኃይሌ ራሱ በ2008 በ«ጤዛ» ወደ ጣና አካባቢ ተመልሷል። ጀርመን ሕክምና ተምሮ የተመለሰው አንበርብር ሐይቁ ዳር ባለች መንደሩ ያጣውን ልጅነት ይፈልጋል። ፊልሙ በቬኒስ የዳኞችን ልዩ ሽልማትና የምርጥ ስክሪፕት ሽልማት፣ በ2009 ደግሞ ዋጋዱጉ ላይ የፌስፓኮን ታላቅ ሽልማት ወሰደ።

እኔ ግን ብዙ ጊዜ ትዝ የሚለኝ ሌላ ነገር ነው። በ1993 የሠራውን «ሳንኮፋ» አሜሪካ ውስጥ የሚያከፋፍልለት ሲያጣ ኃይሌ ከባለቤቱ ከፊልም ሠሪዋ ሺሪኪያና አይና ጋር ሆኖ ፊልሙን ራሱ ከከተማ ወደ ከተማ አሳየው። ከዚያ በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ባልና ሚስቱ ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ሱቅ ከፈቱ። ሱቁ ኃይሌ ለረጅም ዓመታት ካስተማረበት ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት፣ መንገዱን ተሻግሮ ነው። በሩ ላይም «ሳንኮፋ» የሚል ስም አለ፤ በጋና የአካን ቋንቋ ተመልሶ ማምጣት ማለት ነው። መደርደሪያው ላይ ያስቀመጡት መጽሐፍ ነው፤ ከመጽሐፉም ጋር በሌላ ቪዲዮ ቤት የማይገኙ የአፍሪካና የጥቁር ሕዝቦች ፊልሞች፣ ክፍል ጨርሰው መንገዱን ለሚሻገሩ ተማሪዎች።